ላባ የሚሸፍነው ክሳት፦ የከሳች ባጂን ክብደት በጤና መመለስ

እንደሚታወቀው አብዛኞቹ የቤት እንስሳት መክሳታቸውን በዐይን እናውቃለን። የከሳ በሬ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ የከሳ ውሻ ሽንጡ ይሰረጉዳል። በወፍ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። የወፍን ቅርጽ የሚሠራው ላባዋ በመሆኑ፣ ከላባው ሥር ያለው ሥጋ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ እንኳ ውጫዊ መልኳ እምብዛም አይለወጥም። እንዲያውም የታመመች ወፍ ሙቀቷን ለመጠበቅ ላባዋን ስለምትነፋ፣ ከጤነኛይቱ ይልቅ ወፍራም መስላ ልትታይ ትችላለች። ባለቤቷ «ደህና ተመችቷታል» ሲል የሰነበተው ወፍ አንድ ቀን ጠዋት ከቆጧ ሥር ወድቃ የምትገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ከሚያዙ ወፎች መካከል እጅግ የተስፋፋችውን ባጂን ነው። ሙሉ ስሟ ባጀሪጋር፣ ሳይንሳዊ መጠሪያዋ ሜሎፕሲታከስ አንዱላተስ ሲሆን፣ ከበቀቀን ወገን የምትመደብ ትንሽ ወፍ ናት። የትውልድ አገሯ አውስትራሊያ ነው። በዚያ ደረቅ ምድር በመንጋ እየበረረች፣ ዝናብ የጣለበትን ስፍራ እየተከተለች የሣር ዘር ትለቅማለች። እንግሊዛዊው የአዕዋፍ ሊቅ ጆን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1840 በሕይወት ያሉ ባጂዎችን ወደ አገሩ ይዞ ከተመለሰ ወዲህ ርቢዋ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተዛምቷል።

የከሳች ባጂ የገጠመው ሰው በቅድሚያ የሚሰማው ምክር «ቅባት ያለው ምግብ አብዝተህ ስጣት» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልቦና የመነጨ ቢሆንም በሁለት ምክንያት ይስታል። በመጀመሪያ፣ አዋቂ ባጂ በቂ እህል ከፊቷ እያለ ያለምክንያት አትከሳም፤ ክሳት የሌላ ችግር ምልክት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የከሳች ባጂ ያጣችው በዋናነት ጡንቻ ሲሆን ቅባት የሚሰጣት ደግሞ ስብ ነው። ሁለቱንም ነጥቦች ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል።

የ35 ግራም ሒሳብ

አንዲት ጤነኛ የቤት ባጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች። ለውድድር የሚረቡት ትልልቆቹ ከ50 ግራም ሊያልፉ ይችላሉ። 35 ግራም ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ሰባት ባለ ኤ4 መጠን የጽሕፈት ወረቀቶችን በእጅ መያዝ ይበቃል፤ የተለመደው ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናልና።

በትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የነበረው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው፣ እንስሳት በዕረፍት ላይ ሳሉ የሚጠቀሙት ኃይል ከክብደታቸው ጋር በእኩል መጠን እንደማያድግ፣ ይልቁንም በግምት ከክብደታቸው 0.75ኛ ርቢ ጋር እንደሚመጣጠን አሳይቷል። ይህም ማለት እንስሳው ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ግራም አካሉ የሚያቃጥለው ኃይል ይበዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዐርፎ ሳለ በቀን ወደ 1,700 ኪሎ ካሎሪ ይጠቀማል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲካፈል 24 ገደማ ይደርሰዋል። 35 ግራም የምትመዝን ባጂ በበኩሏ 6 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትጠቀማለች። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በኪሎ ሲሰላ ከ170 በላይ፣ ማለትም የሰውን ሰባት እጥፍ ያህል ነው።

መብረሩ፣ መጫወቱና ሰውነትን ማሞቁ ሲታከልበት የቀኑ ፍላጎቷ በግምት እጥፍ ይሆናል። ባጂዎች በብዛት የሚመገቡት ሚሌት (ከዳጉሳ ጋር የሚቀራረብ ጥቃቅን እህል) በአንድ ግራም 3.8 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ወፏ በየቀኑ ከ3 እስከ 4 ግራም የተላጠ እህል፣ ማለትም የክብደቷን አንድ አሥረኛ መብላት አለባት። ሰው በዚህ መጠን ቢመገብ ኖሮ በቀን 7 ኪሎ ጤፍ ይፈጅ ነበር።

አሁን ይህች ወፍ አንድ ቀን ሳትበላ ብትውል የሚሆነውን እናስላ። 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለሆነም የዕረፍት ፍላጎቷ የሆነውን 6 ኪሎ ካሎሪ ጤነኛ ባጂ ከ1 ግራም ባነሰ ስብ ትሸፍነዋለች። ስቧን የጨረሰች ባጂ ግን የቀራት ጡንቻዋ ነው። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ በመሆኑ ከአንዱ ግራም የሚገኘው 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ያንኑ ፍላጎት ለመሸፈን እንግዲህ 6 ግራም ያህል ጡንቻ ልታቃጥል ነው፤ ከመላ አካሏ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ሰውነት በረኀብ ጊዜ ፍጆታውን ስለሚቀንስ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ የሒሳቡ አቅጣጫ ግን አይለወጥም። የከሳች ባጂ «እስቲ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንያት» የሚባልላት እንስሳ አይደለችም።

ሚዛንና ጣት

በመሆኑም ከማናቸውም ምግብ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መሣሪያ በግራም የሚለካ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በሚዛኑ ላይ ትንሽ ሣጥን ወይም የምትቆምበት እንጨት አድርጎ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ከዚያም ወፏን ማስቀመጥ ነው። ጊዜው ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት፤ ይኸውም ጠዋት፣ የሌሊቱን ኩስ ከጣለች በኋላና ምግብ ከመቅመሷ በፊት። ባጂ ከአንገቷ ሥር የምግብ ማከማቻ ከረጢት ስላላት፣ ጠግባ ስትመዘንና ባዶ ሆዷን ስትመዘን በመካከሉ የግራሞች ልዩነት ይኖራል። ጊዜውን እያቀያየረ የሚመዝን ሰው የሚለካው ወፏን ሳይሆን ቁርሷን ነው።

ከተለመደው ክብደት የ10 በመቶ መቀነስ፣ ማለትም ከ35 ግራም ላይ 3.5 ግራም መጉደል፣ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው። የተለመደው ክብደቷ ካልታወቀ ግን ሚዛኑ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በአፈጣጠሯ ደቃቃ የሆነች 29 ግራም ባጂ ፍጹም ጤነኛ ልትሆን ትችላለች፤ ከትልልቆቹ የተወለደች 38 ግራም ባጂ ደግሞ እየከሳች ሊሆን ይችላል። ፍርዱን የሚሰጠው ጣት ነው። በወፍ ደረት መካከል እንደ ጀልባ ወገብ ወደ ፊት የወጣ አጥንት አለ፤ የበረራ ጡንቻዎች የሚያያዙት በዚህ አጥንት ግራና ቀኝ ነው። በጤነኛ ባጂ ጡንቻው በሁለቱም ወገን ሞላ ብሎ አጥንቱ በመጠኑ ይዳሰሳል። በከሳችው ጡንቻው ጎድጉዶ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ይሰማል። በወፈረችው ደግሞ አጥንቱ በሥጋና በስብ መካከል ይሰወራል።

ሲዳሰስ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ወፎች እንደ እኛ በደረትና በሆድ መካከል ድያፍራም የላቸውም፤ የሚተነፍሱት የደረት አጥንታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ስለሆነም የባጂን ደረት ጨብጦ መያዝ አፍና አፍንጫዋን ከመድፈን አይለይም። ራሷን በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ ደግፎ ደረቷን ነጻ መተው ይገባል።

ሳህኑ ሞልቶ መራብ

ባጂ እህሉን በምንቃሯ ልጣ ፍሬውን ትውጥና ቅርፊቱን እዚያው ሳህኑ ላይ ትጥለዋለች። ከአንድ ቀን በኋላ ሳህኑ ከሩቅ ሲታይ እንደ ሞላ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን እብቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምግብ አለ ተብሎ በረኀብ የሞቱ ባጂዎች ጥቂት አይደሉም። መፍትሔው እናቶቻችን በሰፌድ ከሚሠሩት አይለይም፤ በየዕለቱ ሳህኑን እፍ ብሎ እብቁን ማስወገድና እውነተኛውን የፍሬ መጠን ማየት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ማታለያም አለ። የታመመች ባጂ ከሳህኑ አጠገብ ቆማ እህል ስትፈለፍል ትውላለች፤ ነገር ግን ፍሬውን ሳትውጥ ታንጠባጥበዋለች። ይህን የሚያጋልጠው ኩሷ ነው። የበላች ባጂ በቀን በርካታ ጊዜ፣ ጠንከር ያለ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ክፍልና ነጭ የሽንት ክፍል ያለው ትንንሽ ኩስ ትጥላለች። ኩሱ ጥቂት፣ ቀጭንና ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ አንጀቷ ውስጥ ያለው ምግብ ሳይሆን ሐሞት ነው። ከሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ነጭ ወረቀት ማንጠፍና በየጠዋቱ መቀየር እንግዲህ ያለወጪ የሚደረግ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ሌሎቹ የረኀብ ምክንያቶች ቀለል ያሉ ናቸው። እህል መፈልፈል በቅጡ ሳትለምድ ከወላጆቿ የተለየች ጫጩት ትራባለች። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ወፎች ካሉ ጉልበተኛይቱ ሳህኑን ትከለክላለች፤ ሁለተኛ ሳህን ራቅ አድርጎ መስቀል ይበቃል። የምግብ ዓይነትን በአንድ ቀን መለወጥም አደገኛ ነው። በፋብሪካ የተዘጋጀ እንክብል መኖ በንጥረ ምግብ ከደረቅ እህል የተሻለ ቢሆንም፣ እህል የለመደች ባጂ እንክብሉን ምግብ ነው ብላ ላታውቀው ትችላለች። የከሳች ወፍ ምግብ ለመለወጥ ጊዜው አይደለም፤ መጀመሪያ የለመደችውን ትብላ።

እየበሉ መክሳት

ይበልጥ የሚያሳስበው እየበላች፣ አንዳንዴም ከወትሮው አብልጣ እየበላች የምትከሳው ባጂ ናት። በኩሷ ውስጥ ያልተፈጨ ሙሉ ፍሬ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ሆዷ ያመራል። የዚህ ችግር ዋነኛ ተጠያቂ ማክሮራብደስ ኦርኒቶጋስተር የተባለ ጥቃቅን ነፍስ ነው። ታሪኩ ለሳይንስ ተማሪ ትምህርት ሰጪ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ረጅም በትር ስለሚመስል ለብዙ ዓመታት ባክቴሪያ ነው ተብሎ «ሜጋባክቴሪያ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ይሁን እንጂ ባክቴሪያ የሚገድሉ መድኃኒቶች አልበገሩትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የዘረመል ጥናት ፍጡሩ ባክቴሪያ ሳይሆን ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ መሆኑን አረጋገጠ። የሚኖረው በእጢያማው ሆድና እህል በሚፈጨው ጡንቻማ ሆድ መገናኛ ላይ ነው። በዚያ ሲበዛ ምግቡ በወጉ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ወፏም እህል እየዋጠች ትራባለች። እንዲህ ያለችውን ወፍ ቅባት ያለው ምግብ ብንመግባት ትርፉ ኩሱን ማበልጸግ ብቻ ነው። ሕክምናው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ሲሆን መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። ምርመራው ራሱ ውስብስብ አይደለም፤ ትኩስ ኩስ በውኃ ተበጥብጦ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ታማሚዋ ወፍ ፈንገሱን በየጊዜው ላትጥል ስለምትችል ግን የአንድ ቀን ምርመራ ነጻ አያወጣትም።

ሁለተኛው ምክንያት ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እንቅርት ነው። ደረቅ እህል ብቻ የምትመገብ ባጂ አዮዲን ስለሚያንሳት የታይሮይድ እጢዋ ያብጣል። የባጂ እጢ የሚገኘው ከደረቷ መግቢያ ውስጥ ስለሆነ እብጠቱ እንደ ሰው እንቅርት ከውጭ አይታይም። ወደ ውስጥ ግን የምግብና የአየር ቧንቧዋን ይጫናል። ወፏ ስትተነፍስ ታፏጫለች፣ የዋጠችውን ትመልሳለች። ለሰው አዮዲን ያለው ጨው የሚበጅ ቢሆንም ለባጂ ጨው መስጠት አይገባም፤ አዮዲኑ በሐኪም በተለካ ጠብታ ወይም በተመጣጠነ መኖ ይሰጣታል።

ስለ ማስመለስ ካነሣን፣ ወንዱ ባጂ ራሱን እየነቀነቀ መስተዋት ውስጥ ለሚያያት «እጮኛው» ምግብ ማውጣቱ በሽታ አይደለም። መስተዋቱን ማንሣት ይበቃል። በሽታ የሚሆነው ራሷን እያራገፈች ስትረጭና የግንባሯ ላባ በትፋት ሲጣበቅ ነው።

በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች ባጂ ደረቷ እየከሳ ሆዷ ካበጠና አንድ እግሯን ማንከስ ከጀመረች፣ የኩላሊት ወይም የመራቢያ አካል ዕጢ ሊኖርባት ይችላል። በወፎች የእግር ነርቭ በኩላሊት ውስጥ ስለሚያልፍ ችግሩ በእግር ላይ ይታያል። በመጨረሻም፣ ክላሚድያ ሲታሲ የተባለው ባክቴሪያ ወፏን ከማክሳቱም በላይ በደረቀ ኩስ ብናኝ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 በልዩ ልዩ አገሮች የተነሣው የሳንባ በሽታ ወረርሽኝ ከደቡብ አሜሪካ በተጫኑ በቀቀኖች የተዛመተ ነበር። ስለዚህ የታመመችን ወፍ ቤት በደረቁ መጥረግ አይገባም፤ በውኃ አርሶ መጥረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

ሙቀት እንደ ምግብ

የባጂ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በመስኮት አጠገብ የተሰቀለች የከሳች ወፍ ቀን የበላችውን ሌሊት አንድዳ ታድራለች። አካባቢዋን ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ማሞቅ ስለዚህ እንደ ተጨማሪ ምግብ ይቆጠራል። የሽቦ ቤቱን ሦስት ገጽ በጨርቅ ሸፍኖ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ላስቲክ ወይም ራቅ ያለ አምፖል በአንድ ወገን ማድረግ ይቻላል። ሲሞቃት የምትሸሽበት ቀዝቃዛ ወገን ግን ሊኖር ይገባል፤ አፏን ከፍታ ክንፏን ከገላዋ ካራቀች ሙቀቱ በዝቷል። 

የከሰል ምድጃ በፍጹም አይሆንም። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ እጅግ ቀልጣፋ በመሆኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀድማታል፤ በማዕድን ጉድጓዶች ካናሪ የምትባለው ወፍ ለማስጠንቀቂያ ትያዝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የዕጣን ጭስም ሆነ የቡና መቁያው ጭስ ከእርሷ ክፍል ይራቅ።

ጡንቻ ወይስ ስብ

ሐኪሙ በሽታ የለም ካለ ወይም ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ነው የማወፈሩ ጥያቄ የሚነሣው። እዚህ ላይ የአገራችንን ኑግ እንውሰድ። ኑግ መነሻው ኢትዮጵያ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት የሚገዛውም ለወፍ መኖ ነው። ከ30 በመቶ በላይ ዘይት ስላለው የከሳችን ባጂ ክብደት በእርግጥ ያነሣል፤ ሱፍም እንዲሁ። ነገር ግን የሚነሣው ምንድን ነው? ባጂ ለውፍረት፣ ከቆዳ ሥር ለሚበቅል የስብ እብጠትና ለጉበት ስብ በቀላሉ የምትጋለጥ ወፍ ናት። ሚዛኑ 35 ቢያሳይም ደረቷ እንደ ቢላዋ ሆኖ ሆዷ በስብ ሊሞላ ይችላል። በእኔ አስተያየት ኑግና ሱፍ በቁንጥር፣ ለማስለመጃ ያህል ብቻ ቢሰጡ ይበቃል።

ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። የእህል ፕሮቲን ላይሲንና ሜታዮኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። እነዚህን ከሚያሟሉት መካከል ርካሹ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ደቅቆ በቀን ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ይቀርባል፣ ቶሎ ስለሚበላሽም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነሣል። የእንቁላሉ ቅርፊት ተፈጭቶ ካልሲየም ይሆናታል። የተላጠ አጃ ለመፈልፈል ጉልበት ላነሳት ወፍ ጥሩ ኃይል ሰጪ ነው። ለአንድ ቀን ተነክሮ ማቆጥቆጥ የጀመረ እህል ደግሞ በአውስትራሊያ ሜዳ የምትለቅመውን ለጋ የሣር ዘር ስለሚመስል በአብዛኛው ትወደዋለች፤ ሻጋታ እንዳያበቅል ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ካሮትና ጎመን ክብደት አይጨምሩም። ደረቅ እህል ፈጽሞ የማይሰጠውን ቫይታሚን ኤ ግን ያስገኛሉ።

የማይሰጡትም አሉ። አቮካዶ በባጂዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ገዳይነቱ ተረጋግጧል፤ በጁስ ቤቶቻችን የተለመደ በመሆኑ ማንም እንደ መርዝ አያስበውም። ቸኮሌት፣ ሽንኩርትና ጨዋማ ምግብም ይጎዷታል። ወተት መርዝ ባይሆንም ወፎች የወተት ስኳርን የሚፈጭ ኢንዛይም ስለሌላቸው ያስቀምጣቸዋል።

በሲሪንጅ በግድ ማጉረስ ያላሠለጠነ ሰው ሥራ አይደለም። የባጂ የአየር ቧንቧ አፍ ከምላሷ ሥር ወዲያው ስለሚገኝ አንዲት ጠብታ መንገድ ከሳተች ወደ ሳንባዋ ትወርዳለች። በጣም የሞቀ ገንፎም የምግብ ከረጢቷን ያቃጥላል። በራሷ መብላት ያቃታት ወፍ ቦታዋ ሐኪም ዘንድ ነው።

መሻሻሉ በቀናት ውስጥ በኩሷ፣ ከዚያም በሚዛኑ ላይ ይታያል። በአንድ ቀን 2 ወይም 3 ግራም ከጨመረች የተሞላው ከረጢቷ ነው ወይም ሰዓቱ ተሳስቷል፤ እውነተኛው ጭማሪ ዝግ ያለና በተከታታይ ጠዋቶች የሚደገም ነው። ጡንቻ ካልሠራ ስለማይገነባ፣ አቅም ስታገኝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ትብረር። ጣት ከደረቷ አጥንት ግራና ቀኝ ሙላት ባገኘ ጊዜ እንቁላሉ በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ይሁን፣ አጃው ይቀንስ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጠዋት መመዘን ይበቃል፤ ላባዋን በምትቀይርበት ወቅት ግን አዲሱ ላባ ራሱ ፕሮቲን ስለሚሻ ሚዛኑና እንቁላሉ እንደገና በየዕለቱ ይመለሳሉ።